አንድ መዘውር፣ አራት ወንዝ

እኔ ባደግሁበት አገር አራት አገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አራቱም ይህን አያውቁም። የምናውቀው በግቢው የምንኖር ሰዎች ብቻ ነን፤ የምንበላውም ይህን ባለመናገራችን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ድሮ ነው አሉ። አራት ወንዶች ልጆች የነበሩት አንድ ጌታ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አገሩ በሙሉ ለእኔ ይገባል ይላል፤ አገሩ ደግሞ ለአንዱም በቅጡ የሚበቃ አልነበረም። ሽማግሌ ቢገባ፣ መሐላ ቢደረግ አልሆነም። በመጨረሻ ጌታው ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ቤት አሠራና ውስጡን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ለአራት ከፈለው። የየአዳራሹን ጣሪያ ሰማይ አስመስሎ አስቀባ። ከዚያም ልጆቹን ለየብቻ እየጠራ፣ ወንድሞችህ ሞተዋል፣ አገሩ ያንተ ነው አላቸው። አራቱም አለቀሱ፤ አራቱም ከነተከታዮቻቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ጦርነት ተደርጎ አያውቅም።

የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። በየአዳራሹ አንድ ጌታ፣ አንድ ዳኛና አንድ የዘመን አቆጣጠር አለ። ጌታው ሲነቃ የጣሪያው ፋኖሶች ይበራሉ፤ ነጋ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ አንደኛው አዳራሽ ቁርሱን ሲበላ ሁለተኛው እራቱን ሊበላ ይችላል። እህሉን ከጣሪያ ላይ እኛ እናፈስላቸዋለን፤ እነሱ መኸር ይሉታል።

ወፍጮውን በውኃ ጉልበት የሚያዞረው መዘውር ግን አንድ ነው። ወንዙ አንድ ስለሆነ ወፍጮውም አንድ ነው፤ የሚዞረውም ከቤቱ ጀርባ በእኛ ግቢ ነው። አዳራሾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከግድግዳቸው ጀርባ የራሳቸው ወንዝና የራሳቸው ወፍጮ እንዳላቸው ያምናሉ። ይህን እምነት የሚጠብቁ ባለሙያዎች አስመሳዮች ይባላሉ። በየአዳራሹ ግድግዳ አንድ ቀዳዳ አለ። የአዳራሹ ሰው እህሉን በቀዳዳው ያፈስሳል፤ ተሸካሚዎች ተቀብለው ወደ እውነተኛው ወፍጮ ይወስዱና እዚያ ተራ ይጠብቃሉ። ዱቄቱ እስኪመለስ አስመሳዩ ከቀዳዳው ሥር ተቀምጦ ድርርር እያለ የወፍጮ ድምፅ በአፉ ያሰማል።

ተራ የሚለው ቃል ግን በቀዳዳ አጠገብ አይነገርም። ተራ ካለ ከፊትህ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ዱቄቱ ሲዘገይ የሚሰጠው ምክንያት ስንፍና ነው። ወፍጮው ሰነፈ ይባላል። የአዳራሹ ሰዎች በቀዳዳው አፍ አፋቸውን አድርገው ወፍጮውን ይሰድቡታል፤ ስድቡን መቀበል ከአስመሳዩ የሥራ ድርሻ አንዱ ነው።

የመዘውር ትምህርት ልማር ባሕር ማዶ ሄጄ ነበር። እዚያ ሳለሁ የዚህን ቤት ነገር እንደ ቀልድ አወራው ነበር፤ ጓደኞቼ ስቀው ሲያበቁ፣ ታዲያ አንድ ሰው ለምን በሩን አይከፍትም ይሉኝ ነበር። ስመለስ በሩን ሄጄ አየሁት። ብዙ ሰው ተደግፎት እየበላ ነበር።

እኔ በሌለሁበት እህቴ ማንጠግቦሽ ለሦስተኛው አዳራሽ ተድራ ቆየችኝ። ከግቢያችን የምትዳር ሙሽራ በትንሿ በር ትገባና ከአዳራሹ ወዲያኛው ጥግ መጣች ይባላል። አዳራሹ ጥጉ የማይታይበት ያህል ሰፊ አይደለም፤ ግን ሄዶ የሚያይ የለም። የገባች አትወጣም፤ ከየት እንደመጣችም አትናገርም። ይህን የነገረኝ የሦስተኛው አዳራሽ አስመሳይ ጋሽ ደምሳሽ ነው። ጋሽ ደምሳሽ በሙያው የሚኮራ ሰው ነበር። የገብሱንና የማሽላውን ድምፅ ለይቶ ያሰማል፤ የሁለተኛው አዳራሽ ባልደረባውን፣ እሱ ወፍጮ ሳይሆን ጉንፋን የያዛት ድመት ነው ይለዋል።

አጠገቡ ተቀምጬ ስናወራ ከቀዳዳው የሴት ድምፅ መጣ።

«አንተ ድንጋይ፣ ሞተሃል እንዴ? ልጄ ዛሬም ንፍሮ በልቶ ሊተኛ ነው? ጥርስ እንኳ አላበቀለም እኮ። እናትህ ስትወልድህ ተቀምጠህ ነው የወጣኸው?»

ጋሽ ደምሳሽ ድምፁን ሳያቋርጥ በዓይኑ አመለከተኝ። ትንፋሽ ሲወስድ፣ «እህትህ ናት» አለኝ። «ምላሷ የእናትህ ነው።» ከዚያ ወደ ድርርሩ ተመለሰ።

ያን ቀን ወደ ባለቁልፉ ሄድኩ። ባለቁልፉ የግቢያችን አለቃ ነው፤ የአራቱ አዳራሾች ቁልፍ በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሲራመድ ስለሚንኳኳበት ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚያወራው። ሐሳቤን ነገርኩት። ከመዘውሩ ተነስቶ በየግድግዳው የሚያልፍ የእንጨት ዘንግ እናስገባ፤ በየአዳራሹም እውነተኛ ድንጋይ ይተከል። እህል የሚሸከም፣ በአፉ የሚፈጭ አያስፈልግም። የወንዙ ጉልበት በቀጥታ እነሱ ዘንድ ይደርሳል፤ የግማሽ ቀኑ ሥራ ቂጣ እስኪገለበጥ ያልቃል።

ሐሳቡን ወደደው። ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አንድ ይኖረዋል» አልኩት። «መዘውሩ አንድ ነው። አራቱ ድንጋዮች በአንድ ጊዜ ቢጫኑት ይቆማል። ስለዚህ በእኛ በኩል ዘንጎቹን የሚይዝ ማገጃ ይሠራና አንድ ሰው ተራ በተራ ይልቀቅላቸው።»

ባለቁልፉ በሩ መዘጋቱን አየ። «ልጄ፣ ባሕር ማዶ ብዙ አስተምረውሃል፤ አፍ መጠበቅን ግን ረስተውታል» አለኝ። «ድንጋዩ ሲያዝባቸው ምን እንበላቸው?»

«ጠብቁ እንበላቸው።»

«ማንን?»

ባለቁልፉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። መጀመሪያ በሦስተኛው አዳራሽ ብቻ እንዲሞከር፣ ማገጃ የሚባለው ነገር ደግሞ እንዳይነሳ ተስማማን። እኔ የተስማማሁት ንፍሮ የሚበላውን የእህቴን ልጅ እያሰብኩ ነው። አንድ ድንጋይ ብቻውን ቢሆን መዘውሩን የሚያስጨንቀው አይደለም።

ወደ አዳራሹ የገባሁት ዘንጉን ለማሳለፍ በቀደድነው ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ከመግባቴ በፊት ፊቴንና ልብሴን ኖራ ቀቡኝ። ከግድግዳ የወጣ ነገር ግድግዳ ነው፤ ልማዱ እንዲህ ነው። ማንም አላየኝም። ድንጋዩን ስተክል ሰዎች በላዬ አሻግረው ያወሩ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ እርጥብ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ አስጥታ ሄደች፤ እስኪደርቅ ቆምኩ።

ድንጋዩን እንዲጠብቅ የተመደበው ቢያድግልኝ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የእህቴ ባል። እሱም እንደ ሌሎቹ አላየኝም። ግን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን እየዳሰሰ፣ ለድንጋዩ የሚያወራ መስሎ፣ «የሚገርም ነው» አለ፤ «ይህ ግድግዳ የሚስቴን አፍንጫ ይዟል።»

ጥቂት ቆይቶ ማንጠግቦሽ መጣች። ልጁ በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ ነበር። ወደ እኔ አልዞረችም። እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተች መጥታ ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተደገፈችኝ፤ ሰው ግድግዳ እንደሚደገፍ ማለት ነው። ልጁ በእጁ ጆሮዬን ያዘ። ሥራዬ አልቆ ነበር፤ ግን ዝም ብዬ ቆየሁ።

ዘንጉ ሠራ። ይህን ማንም አይክደኝም። በሦስተኛው አዳራሽ ዱቄቱ እንደ አቧራ የላመ ሆነ፤ ሕፃናቱ ገንፎ በሉ፤ በቀዳዳው የሚመጣው ስድብ ቀረ። ጋሽ ደምሳሽ ብቻ ከፋው። ሥራ የለህም ቢባልም ጥቂት ቀን ከቀዳዳው ሥር እየተቀመጠ ከእውነተኛው ድንጋይ ጋር አብሮ ድርርር ይል ነበር፤ በኋላ ወፍ እንዲጠብቅ ጓሮ ተመደበ።

ባለቁልፉ ፍትሕ የሚወድ ሰው ነው። ለአንዱ የተደረገ ለአራቱም ይደረግ አለ። ማገጃውን እንደገና ሳነሳበት፣ ስለ አንድነት ከማውራት እንድቆጠብ መከረኝ። እንቢ ብዬ ሥራውን ልተወው ነበር። ሆኖም ሌላ ሰው ቢሠራው የሦስተኛውን ዘንግ ያበላሻል ብዬ ፈራሁ፤ አሁንም ቢሆን ፍርሃቴ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማወቅ አልቻልኩም። አራቱም ዘንጎች ገቡ። ለአራቱም ጌቶች ለየብቻ፣ የወንዙ ሙሉ ጉልበት የእርስዎ ነው ተብሎ ተነገራቸው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። የአንዱ ጠዋት ከሌላው ጠዋት ስለማይገጥም ድንጋዮቹ ሳይታወቃቸው ተራ ገብተው ይፈጩ ነበር። ኋላ ግን ዱቄት ሲበዛ ጌቶቹ ዱቄት ወደዱ። ሙሉ ወንዝ ካለኝ ድንጋዬ ለምን ትንሽ ሆነ እያሉ ሁሉም ድንጋያቸውን በትልቅ አስለወጡ። ከዚያ ድንጋዩ የሚከብድበትና የሚቀልበት ሰዓት እንዳለ አስተዋሉ። የሚቀልበትን ፍለጋ አንዱ ቀድሞ መንቃት ጀመረ፤ ሌላውም ቀደመ፤ የቀሩትም ቀደሙ። እንዲህ ሲሽቀዳደሙ በቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱም አዳራሾች በአንድ ጊዜ ነጋባቸው።

መዘውሩ እንደሚያቃስት ሰው ድምፅ አሰማና ቆመ። ወንዙ ግን አልቆመም፤ ገፋው። ጥርሶቹ ረገፉ።

አራቱም አገሮች በየራሳቸው መንገድ ነገሩን መረመሩ። አንደኛው አዳራሽ ወንዙን በድለነዋል ብሎ ጾም አወጀ፤ የሚበላ ስላልነበረ ጾሙ በደንብ ተጾመ። ሁለተኛው፣ ድንጋያችን ሥራውን ጨርሶ በክብር ዐረፈ ብሎ በዓል አደረገ። አራተኛው፣ ረኀብ የሚለውን ቃል በትዕግሥት ተክቶ ትዕግሥቱ እየጠና ነው እያለ ቀጠለ። ሦስተኛው ሕግ አክባሪ ነውና ቢያድግልኝን ከሰሰ።

ዘንጉን ለማየት ኖራ ተቀብቼ በገባሁ ጊዜ ችሎቱ ከቆመው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ክሱ አጭር ነው፤ ወንዙ ሙሉ ነው፣ ድንጋዩ ደህና ነው፣ ዘንጉ አዲስ ነው፣ እንግዲህ ያቆመው ጠባቂው ነው። ቢያድግልኝ ድንጋዩ ከእጁ እንደተጎተተበት፣ የሌላ ሰው ጉልበት የያዘው እንደመሰለው ተናገረ። ማን የሚባል ሌላ ሰው ተብሎ ሲጠየቅ ድንጋዩን ዳሰሰ። ቅጣቱን ሁሉም ያውቀዋል። የአገር ወፍጮ ያቆመ ሰው ግድግዳ ውስጥ ቆሞ ይገነባበታል።

«እኔ እመሰክራለሁ» አልኩ።

ሰዎቹ ድምፁ ከየት እንደመጣ ግራና ቀኝ አዩ። ዳኛው ደግ ፊት ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምተናል» አሉ፤ «አፍ አለው ሲባል ግን ይህ መጀመሪያችን ነው።» ችሎቱ ሳቀ። ቢያድግልኝም ጭምር ትንሽ ሳቀ።

ዳኛው ግን ሥርዓት የሚጠብቁ ሰው ናቸውና ሳቁ ሲበርድ ሕጉን አስረዱ። ግድግዳ አይመሰክርም። ሆኖም ይህ ግድግዳ ሳይሆን ሰው ነው፣ ወገኔ ነው የሚል ካለ ቃሌ ይሰማል። እንዲህ የሚል ሰው ግን ራሱም የግድግዳ ዘር መሆኑን ይወቅ፤ ግድግዳ ከመኸሩ ድርሻ የለውም፤ ከግድግዳ የተወለደም የለውም።

ማንጠግቦሽን አየኋት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ ከረኀቡ የተነሳ አንገቱ ቀጥኗል። አፏን ከፈተች። ባሏ ያን ጊዜ ዓይን ዓይኗን እያየ ራሱን በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። አፏን ዘጋች፤ አንቀልባውን አጠበቀች። ወደ እኔ አላየችም።

ሌላ መላ ስላጣሁ፣ ግድግዳውን አንኳኩ አልኳቸው። ከወዲያ ሰው ካለ ይመልሳል። ግድግዳ የተናገረው ቃል ባይቆጠርም ዳኛው ተነስተው ሄዱና ከአራተኛው አዳራሽ በሚለየው ግድግዳ ላይ በከዘራቸው አንኳኩ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ምንም የለም። በአራተኛውም አዳራሽ ሰዎች በዚያች ደቂቃ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይዘው እንደቆሙ አውቅ ነበር። በአራቱም አገሮች ልጅ አፍ ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው፣ ግድግዳ ሲያንኳኳ ዝም ማለትን ነው።

ዳኛው ተመልሰው ተቀመጡ። «እኛንም ሲያንኳኳብን ኖሯል» አሉ ለችሎቱ። «አባቶቻችንንም አንኳኩቶባቸዋል። መልሶ የሚያውቅ አለ?»

ማንም አልነበረም።

«እንግዲያው ዝምታው ከወዲያ ማንም እንደሌለ ያስረዳል።»

ቢያድግልኝ በሦስተኛውና በአራተኛው አዳራሽ መካከል እንዲገነባበት ተፈረደ። ግንበኞቹ ፈጣኖች ናቸው። እኔን የግቢው ዘበኞች በመተላለፊያው ጎትተው አወጡኝና መተላለፊያውን ዘጉት፤ መዶሻና መሮዬን ቀሙኝ። ባለቁልፉ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አብሮኝ አለቀሰ። እሱን ለማውጣት የሚፈርሰው ግድግዳ የሦስተኛው ብቻ አይደለም አለኝ፤ በዚያ በኩል ብርሃን ከገባ አራቱም እንደተያዩ ቁጠረው። አራት አገር ለአንድ ሰው፣ እስቲ አንተው ፍረድ አለኝ። ከዚያ የምበላው ያመጡልኝ ዘንድ አዘዘ።

ሁለቱ አዳራሾች የሚገናኙበትን የውጭ ግንብ ሄጄ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቢያድግልኝ በድንጋይ ያንኳኳ ነበር። ዝግ ብሎ፣ ሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ በትሕትና። በእጄ መለስኩለት። ግንቡ ወፍራም ነው፤ የባዶ እጅ ድምፅ የሚያሳልፍ አይመስለኝም። በግራም በቀኝም አዳራሽ ሰዎች ልጆቻቸውን እሽ ሲሉ በየቀዳዳው ይሰማኝ ነበር። ማንኳኳቱ ሲቆም ሁለቱም አገሮች ፈተናው አለፈ ብለው ፋኖስ ጨመሩ።

መዘውሩ ተጠገነ። ዘንጎቹ እንዲወጡ አልተፈቀደም፤ አንዴ ወደ ፊት የሄደ አገር ወደ ኋላ አይመለስም ተባለ። ይልቁንስ ማገጃው ተሠራ፤ እኔ በፈለግሁት ዓይነት፣ በደንብ ተሠራ። በየዘንጉ ላይ አንድ አንድ አስመሳይ ተቀመጠ። ሌላው አዳራሽ ሲፈጭ የእሱን ዘንግ በማገጃ ይይዛል፤ ድንጋዩ በስንፍና የቆመ እንዲመስልም ከቀዳዳው ሥር ሆኖ የሚያቃስት ወፍጮ ድምፅ በአፉ ያሰማል። ባለቁልፉ ይህን የስንፍና መልሶ ማቋቋም ብሎ ሰየመው። መዘውር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ሦስተኛው ለእኔ ተሰጠኝ። ጋሽ ደምሳሽም ሙያውን እንዲያስተምረኝ ከወፍ ጥበቃ ተጠራ።

ጥሩ ተማሪ አልነበርኩም። «አልወጣልህም» ይለኛል፤ «አንተ የምትለው ድርርር የተማረ ሰው ነው። ድንጋይ አያስብም፤ ዝም ብሎ ይላል።» ባሕር ማዶ ስንት ዓመት እንደተቀመጥኩ እየጠየቀ ራሱን ይነቀንቃል።

የሦስተኛውን ድንጋይ የሚጠብቅ ሰው ስለታጣ ለመበለቷ ተሰጠ። እህቴ በየጠዋቱ እህሏን ይዛ ትመጣለች። ስይዝባት ትሰድበኛለች። እናታችን የምትሰድበንን ስድብ አንድም ሳታስቀር ነው የምትሰድበኝ፤ ሌላ ሰው ሲሰማት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ የአዳራሹ ሴቶችም ይስቁላታል። እኔም ድርርር እላለሁ። ልጁ አድጓል መሰለኝ፤ አንዳንዴ እሱም ከሥሯ ሆኖ፣ አንተ ሰነፍ ይለኛል። ድምፁ የአባቱ ነው።

አንድ ጠዋት ስድብ ሳይመጣ ቀረ። ከቀዳዳው ወዲያ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ብቻዋን ነበረች ማለት ነው። ማገጃውን ይዤ ጠበቅሁ፤ በዚያን ሰዓት የሚፈጨው አራተኛው አዳራሽ ነበር። ከዚያ አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ወንድምዓለም፣ ተራው የማን ነው?»

ጋሽ ደምሳሽ ከአጠገቤ ቀና ብሎ አየኝ። እጄ ማገጃው ላይ ነበር። ከእሷ ወዲያ ያለው ግድግዳ፣ በውስጡም ያለው ሰው፣ የልጁም ድርሻ ታሰበኝ። አፌን ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁ።

ድርርር አልኩ።

ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ራቀ። ጋሽ ደምሳሽ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

«አሁን ገና ወጣልህ» አለኝ።